አፏን ግጥም አድርጋ

ከሸዋሮቢት በታች፣ ጀውሃ ክንዱን በሚያጥፍበት፣
ሽንኩርት ሁለት ዓመት ባከሰረኝ መሬት፣
ኩሬ ቆፈርኩ። አጎቴ ሸዋፈራሁ ከእርሻው ወርዶ፣
“ዓሣ ጎርጓሪ” አለኝ፣ “የሚያወጣው ዘንዶ።”

ዘንዶ አልወጣም። ውሃ መጣ፣ ቀይ ሆኖ እንደ ሸክላ፤
በሰባተኛው ቀን ጠራ፤ ገባበት ሰማይ ሌላ።

ስምንት መቶ ጫጩት በጀሪካን፣ በባጃጅ መጣልኝ፤
“ሁለት መቶ ይበቃሻል” ቢለኝ ባለሙያው፣ ቅናት መሰለኝ።
ጠዋት ፉርሽካ፣ ማታ ፉርሽካ፣ ከጠላ ቤት አተላ፣
ያገኘሁትን ሁሉ ገለበጥኩ፤ “ብላ” አልኩት፣ “ብላ!”
ሰውስ ሲወፍር አይደል ሀብታም የሚባለው?
ዓሣ ምን ይለየዋል፣ ከሆድ ሌላ ምን አለው?

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ ጎህ ሳይቀድ ገና፣
የከንፈር መጠጣ ሰማሁ፤ ለቅሶ መሰለኝና
ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብወጣ፣ ሰው የለም፤ ኩሬው ነው።
ስምንት መቶ አፍ፣ ከውሃው በላይ፣ አየር የሚለምነው።
ውሃው ጠቁሯል፤ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል፤
ለካ ያልተበላ ምግብ፣ ታች ተኝቶ፣ እስትንፋስ ይበላል።
ሲነጋ ተንሳፈፉ፣ ሆዳቸው ወደ ሰማይ ሆኖ፣
ከሰርግ ማግስት እንደሚታይ ሳህን፣ ያለ ባለቤት ተበትኖ።

አጎቴ መጥቶ አየ። ምንም አላለኝም። ያ ነው የከፋኝ።
ዓሣ ግማቱ ካናቱ፤
የኩሬው አናት ማን እንደሆነ፣ ሳይናገር ገባኝ።

ሙሄ ኢድሪስ ነው ያነሳኝ፤ የአርጎባ ሰው፣ የእርከን ልጅ፣
ውሃን እንደ ሙሽራ እጇን ይዞ የሚያወርድ ከደጅ እስከ ደጅ።
ግማሽ ቀን ወንዝ ዳር አስቀመጠኝ፣ ሥራም ሳይሰጠኝ፤
“ይህን ማን ይቀልበዋል?” አለ። መልስ ፍለጋ ላብ አሰመጠኝ።
ቅጠል ወደቀ፤ ቅጠሉን ትል፣ ትሉን ዓሣ፣ ዓሣውን ወፍ በላ፤
ወፏም ኩሷን ከፍላ በረረች፤ ውሃው ያንን ተቀብሎ ሄደ ወደ ሌላ።
ጌታ የለውም፤ ሎሌም የለው። ጆንያ ይዞ የቆመም የለም።
እኔ ብቻ ነበርኩ የምቸኩል፤ ወንዙ አይቸኩልም።

ዘንድሮ መቶ ሃምሳ ናቸው፤ ከዚሁ ወንዝ የወጣ ቆሮሶ፤
እንግዳ ዘር አላስገባም፣ የሰው ቤት የሚያፈርስ ደርሶ።
መውጫው ላይ ወንፊት አለ፣ ስህተቴ ወንዙን እንዳይነካው፤
ፉርሽካውንም በእፍኝ እንጂ በጆንያ አልለካው።
አንዱን ጥግ ለቄጠማ ለቀቅሁ፣ ለጉርጡ፣ ለእንቁራሪቱ፤
የወባ ትንኝ እንቁላል ትጥላለች፤ ሲነጋ የለም ምልክቱ።
ያረጀው ውሃ ወደ ሽንኩርቱ ይወርዳል፣ የወዛ እንደ መረቅ፤
ያ አክሳሪ መሬት ቀምሶት፣ ጀምሯል ቀና ብሎ መሳቅ።
ጥቁርና ነጭ ወፍ ይመጣል፤ በቀን ሁለት ይወስዳል፤
ግብር ነው። ደረሰኝ አልጠይቅም፤ እሱም ሲጠግብ ይሄዳል።

ፍልሰታ ሲገባ ገበያው ይከራከራል፤ ዓሣ ይበላል? አይበላም?
እኔ አልፈርድም፤ እስኪወሰን ውሃ ውስጥ ናቸው፤ አይበላሹም።

ትናንት አንዲት ቆሮሶ መረቤ ገባች፣ አፏን ግጥም አድርጋ፤
ጉንጯ ተወጥሮ፣ ጎኗ ሰልሎ፣ ሳትቀምስ እህል ሲመሽ ሲነጋ።
ደግፌ ባነሳት አፏ ከፈት አለ፤ ከውስጥ ልጆቿ ፈሰሱ፣
እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፤ እጄ ላይ ተላወሱ።
ዓሣን መብላት በብልሃት ይሉናል፤ ለመብላት ነው ብልሃቱ።
ይቺ ግን ባለመብላት በለጠችኝ፤ የኩሬው እሷ ነች አናቱ።

ቀስ ብዬ መለስኳት። ልጆቿም ተመልሰው ገቡ፣ ወደ አፏ፣ ወደ ጨለማ።
ሙሄ ከማዶ “ስንት ያዝሽ?” አለኝ።
“ምንም” አልኩ በቀስታ። አልሰማ።